የልጅዎ ወንድም ነኝ

ጉዞው የሁለት ቀን ብቻ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከአዲሱ ገበያ ተነስተን፣ ሱሉልታን አልፈን፣ አስፋልቱን ትተን በሞተር ተራራውን መውጣት፤ አጎቴ ግቢ ድንኳን ተክለን ማደር፤ እሁድ መመለስ። ለዚህች ጉዞ ሁለት ወር ሙሉ አቀድን። ሰው ሠርጉን እንኳን እንዲህ አያቅድም።

«አቀድን» የምለው እኔና ጓደኛዬን ነው። ጉለሌ ውስጥ በአንድ አጥር ተጎራብተን አደግን፤ መንዳትም በአንድ አሮጌ ሞተር እየተፈራረቅን ተማርን። አሁን እሱ አዲስና ጉልበተኛ ሞተር አለው፣ እኔ ዳገት ላይ የምታለቃቅስ ቻይና ሠራሽ። ከሥራ ስንወጣ እጽዋት ማዕከሉ አጠገብ ያለውን ዳገት እንሞክርና ሻይ ቤት ቁጭ ብለን እንከራከራለን። እሱ የመኝታ ከረጢት እንግዛ ይላል፤ እኔ የሽሮ ሜዳ ጋቢ ያለው ሰው ከረጢት ውስጥ ምን ያስገባዋል እላለሁ። መንገዱን ስልኩ ላይ ቢፈልግ አጣው። ደብተር ላይ ሳልኩለት፤ ወንዙ የሚሻገርበትን፣ ጭቃ የሚይዝበትን፣ ኃይለኛ ውሻ ያለበትን ቤት ሳይቀር። እንዲያጠናው ደብተሩን ሰጠሁት።

ለእሱ ሽርሽር ነበር። እኔ ግን የምሄደው ለአጎቴ ስል ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ዓይናቸው ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ነው። «ዓይኔ ሳይጠፋ ልይህ» ብለውኛል በስልክ። አባቴ ከተቀበረ ወዲህ እዚያ አልሄድኩም። ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ፤ በቆየሁ ቁጥር ደግሞ ማፈሬ ባሰ።

አጎቴ አማርኛ ቢሰሙም ልባቸው የሚከፈተው በኦሮምኛ ነው፤ ጓደኛዬ ግን አይችልም። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጠናሁት፤ «የልጅዎ ወንድም ነኝ» የሚል፤ ልጄ የሚሉት እኔን ነው። አጎቴ ዘንድ ጓደኛ ነኝ ያለ እንግዳ ነው፤ ወንድም ነኝ ያለ ግን ቤተኛ ይሆናል። ምላሱ እየተሳሰረ፣ የሻይ ቤቱ ሰው እየሳቀብን፣ ሳምንት ሙሉ ለፋንበት። በመጨረሻ እንደ አገሬው ልጅ አለው። ኮራሁበት።

ሐሙስ ዕለት ደወለ። «ስማ፣ የሞተሬ ፍሪሲዮን አለቀ። ማለቴ... ዳገት አይወጣልኝም። በቃ ለሚቀጥለው ሳምንት እናድርገው።»

«ምን ችግር አለው» አልኩት። ለአጎቴ ደውዬ አልመጣም ለማለት ግን ድፍረቱን አጣሁ። ዓርብም እንዲሁ አለፈ።

ቅዳሜ፣ እኔ የዋህ፣ ለሞተሩ ፍሪሲዮን ፍለጋ ወጣሁ። ሥራ ስለሚበዛበት ራሴ ገዝቼ ላስደስተው ብዬ ነው። አዲሱ ገበያ ያሉትን መለዋወጫ ሱቆች አዳርሼ እኩለ ቀን ላይ አገኘሁ። ባለሱቁ በጋዜጣ ሲጠቀልልልኝ ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ናቸው።

«ልጄ፣ ትኩሳቱ ለቀቀህ?»

የምን ትኩሳት ልል ስል ቀጠሉ። «ወንድምህ ነገረን። ከሦስት ሰዎች ጋር መጣ፣ ትልልቅ ሞተር ይዘው። አንተ ታመህ ቀረህ አለ።»

ሦስቱን አውቃቸዋለሁ፤ ሰሞኑን አብረውት መንዳት የጀመሩ ናቸው። የኔ ሞተር እንደማትደርስባቸውም አውቃለሁ። ቢነግረኝ እቆጣ ነበር፤ ከዚያ መንገዱን ራሴ አስረዳቸው ነበር። እሱ ግን ደብተሬንና ያስጠናሁትን ቃል ይዞ፣ እኔን ጥሎ አጎቴ ቤት ሄደ። ከዳኝ። ሌላ ስም አልፈልግለትም።

«ጥሩ ልጅ ነው፣ ቋንቋችንንም ያውቃል» አሉ አጎቴ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ከሞተሩ ሲወርድ እኮ አንተ መስለኸኝ ነበር። አቅፌ፣ ፊቱን እየዳበስኩ፣ ስስመው ሳለቅስ ቆየሁ። እሱም ዝም ብሎ ተሳመልኝ። የልጅዎ ወንድም ነኝ ያለኝ በኋላ ነው። ሰው ፊት አፈርኩ።»

ውሸቱን ልነግራቸው እችል ነበር። ግን ግቢያቸው ያረፈ እንግዳ ነው፤ ከነገርኳቸው ሌላ ሐፍረት መጨመሬ ነው። «ተሽሎኛል» አልኳቸው። «ነገ እመጣለሁ።»

እሁድ ጠዋት ብቻዬን ወጣሁ። ተራራው ወገብ ላይ አራቱ ሲወርዱ ተገናኘን። ሦስቱ አለፉ፤ ጓደኛዬ ቆመ፣ ሄልሜቱን አወለቀ። አፉን ሳይከፍት በጋዜጣ የተጠቀለለውን አውጥቼ ሰጠሁት።

«ምንድን ነው?»

«ፍሪሲዮንህ» ብዬው ማርሽ አስገባሁ።

ስደርስ አጎቴ የሞተሩን ድምፅ ሰምተው በር ላይ ወጥተዋል። በዱላቸው ተደግፈው ወደኔ እያዩ ቆሙ። ወርጄ ተጠጋኋቸው፤ እጃቸውን ግን እንደ ትናንቱ አልዘረጉም።

«ማን ልበል?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?» አሉ።