ስለከሳሁ ከካቦነት ወረድኩ

ከካቦነቴ ያወረዱኝ ስለከሳሁ ነው። አልሰረቅሁም፣ አልሰከርኩም፣ ከሥራ አልቀረሁም። ከሳሁ።

ቡሬ እህል መጋዘን ሥራ የጀመርኩ ዕለት ቀጭን ነበርኩ፤ ያኔ ማንም አላዘነልኝም። የመጀመሪያውን የበቆሎ ጆንያ ተሸክሜ በሳንቃው ወደ መኪናው ስወጣ መሀል ላይ ቆምኩ። የያኔው ካቦ እንደተቀመጠ፣ «አንገትህን ሳይሆን ወገብህን ስጠው» አለኝ። ካቦ ማለት ተሸካሚ የሚመድብ፣ የጆንያው ድርድር እንዳይናድ የሚጠብቅ፣ ራሱ የማይሸከም ሰው ነው። እንደሱ ለመቀመጥ ብዙ ዓመት ተሸከምኩ።

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። የመኪና ታርጋ ማንበብ ስችል ካቦ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ መቀመጥ፣ መጮኽና ሾፌሮች የጋበዙኝን መብላት ሆነ። ሆዴ ከእኔ ቀድሞ መጋዘን ይገባ ጀመር። አገሩም «አማረብህ» አለኝ።

እግሬን ቢያቃጥለኝ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ታየሁ። ነርሷ የልጄ እኩያ ናት። ስኳሬ ድንበር ላይ መድረሱን፣ ቦርጬን መቀነስ እንዳለብኝም ነገረችኝ። እጾማለሁ ብላት፣ ጾሙ ሲፈታ ስንት እንጀራ እንደምበላ ጠየቀችኝ። በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚጾሙት ለማታው ቦታ ለማስለቀቅ ነው» አለች።

ሰደበችኝ፤ ግን ልክ ናት። ለስላሳውንም አረቄውንም ተውኩ። ሻይ ያለ ስኳር ጠጣሁ፤ ሬት ነው። ባጃጅ ትቼ በእግሬ ሥራ ገባሁ። ማታ በጎመን አንድ እንጀራ እበላለሁ፤ ድገም ሲሉኝ ተነሥቼ እጄን እታጠባለሁ። ፋሲካ ሲደርስ ቀበቶዬ አዲስ ቀዳዳ ፈለገ።

ጣጣው ያኔ መጣ። ተሸካሚዎቹ፣ «ጋሼ፣ ጭነቱን የት አራገፉት?» እያሉ ይስቁ ነበር። ኋላ ሳቁን ትተው መንሾካሾክ ያዙ። የንስሐ አባታችን ቤቴ መጥተው ባለቤቴን እናንዬን፣ «ልጄ፣ ሰውየውን ታበይዋለሽ?» ብለው ጠየቋት።

«አባ፣ እኔ አቀርባለሁ፤ እሱ ነው የሚገፋው።»

ከወጡ በኋላ ስሜን አጠፋኸው ብላ አኮረፈችኝ።

የመጋዘኑ ባለቤት ሐጂ፣ ሰፊ ሆድና ሰፊ ልብ ያላቸው ሰው ናቸው። አስጠርተውኝ፣ ቤቴ ገብቼ ተረጋግቼ እንድታመም መከሩኝ። ደህና ነኝ ብላቸው፣ በሽተኛ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው አሉ።

«ደግሞስ ሆድ የሌለውን ካቦ የትኛው ሾፌር ይፈራዋል?»

በቦታዬ አንድ ቦርጫም ሾሙ። ቤት አልቀመጥም ስል በር ጠባቂ አደረጉኝ። የሚያልፈው ሁሉ እንደምን አደርክ በማለት ፈንታ፣ እግዜር ይማርህ ይለኛል።

ክረምቱ ሲወጣ ሐጂንም ሐኪም ከስኳርና ከጮማ ከለከላቸው። አንድ ማለዳ ወደ በሩ መጥተው፣ ዙሪያውን አይተው፣ እንዴት እንዳደረግሁት በቀስታ ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲያ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አስፋልት ጠዋት ጠዋት አብረን እንራመድ ጀመር፤ እሳቸው እየረገሙኝ፣ እኔ እየቀደምኳቸው።

ሐጂ ሲከሱ ገበያው ታመሰ። ነጋዴዎች መጋዘኑ ይሸጥ እንደሆነ ልጆቻቸውን ጠየቁ። አንድ ዘመዳቸው ከጅጋ በግ እየጎተተ ሊሰናበታቸው መጣ፤ በሩ ላይ አቅፏቸው አለቀሰ። ሐጂ ከእቅፉ ወጥተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ተነሥ፣ ወደ ቦታህ ግባ። አንድ በር ላይ ሁለት ሬሳ አይቆምም።»

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፤ ቦርጩን ሊቀንስ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ለጎረቤቱ ይናገር። ካቦነቴ የተመለሰልኝ ታኅሣሥ ሃያ፣ በገብርኤል ማግስት ነው።