ሆድ የሌለው ጊታር

ልጄ ከመርካቶ የገዛውን አሮጌ የኤሌክትሪክ ጊታር ጠግኖ ወደ ሳሎን ይዞት ገባ። የቫርኒሹ ሽታ ገና አልለቀቀውም። ያ ሽታ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ቢቸና መለሰኝ።

በጃንሆይ ዘመን ታላቅ ወንድሜ አንገቱ የተሰበረ እንዲህ ያለ ጊታር ከአንድ ጡረተኛ ወታደር ገዛ። በገና ሠሪው አያታችን ስብራቱን በኮላ አጣበቁት፤ ፍቀውም ቫርኒሽ ቀቡት። ከዚያ ደረቱን በጣታቸው ቢያንኳኩት ፊታቸው ተለወጠ።

«ድፍን እንጨት ነው፤ ሆድ የለውም። ድምፁን ከየት ሊያመጣው ነው?»

«በኤሌክትሪክ ነው፣ አባባ» አለ ወንድሜ።

ቢቸና መብራት ስላልነበረ፣ ጄኔሬተር ወዳለው የሞጣ ቡና ቤት በጭነት መኪና ሄድን። አያቴም ሳልሰማው አልቀርም ብለው አብረውን ተሳፈሩ። መንገዱን ሁሉ ያንኑ ጥያቄያቸውን ሳሰላስል ዋልኩ።

ወንድሜ ሽቦውን የቡና ቤቱ ድምፅ ማጉያ ላይ ሊሰካ ጊታሩን አስታቀፈኝ። ክሩን ነካ ባደርገው፣ እቅፌ ውስጥ ያለው ጊታር ጭጭ እንዳለ ከጀርባዬ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ አንድ ነገር ጮኸ። ደንግጬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። አያቴ አማትበው እጄን ያዙኝ።

«እዚህ ነካሽው፣ ከዚያ መለሰልሽ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ማነው የመለሰልሽ?»

ዓይናቸውን ከግድግዳው ጥግ አልነቀሉም።

«እማዬ፣ ስሚው እንግዲህ» አለ ልጄ፣ ሽቦውን እየሰካ። ጣቱ ክሩን ሳይነካ፣ እኔ ወደ ኋላዬ ዞሬያለሁ።