ወፍ ልይ ወጥቼ ወፍ ሳባርር

አሶሳ ስመደብ ሁሉም በሙቀቱ አስፈራሩኝ እንጂ ስለ ህዳር የነገረኝ የለም። ዝናቡ ወጥቶ ማሽላው ሲቀላ፣ መንገድ የሳቱ የሰሜን ወፎች አንዳንድ እያሉ ብቅ የሚሉት ያኔ ነው። እኔ ደግሞ እንዲህ ላለ ወፍ ምሳዬን የምረሳ ሰው ነኝ። የባዮሎጂ መምህር ስለሆንኩ ሰው "ሥራው ነው" ብሎ ያልፈኛል።

ከከተማው ወጣ ብሎ የአንዲት የበርታ ብሔረሰብ እናት ማሳ አለ። መሃሉ ላይ የእንጨት ማማ ቆሟል፤ ከማማው እስከ ማሳው ዳር በተዘረጋው ገመድ ላይ ባዶ ጣሳዎች ተንጠልጥለዋል። እሳቸው ከማለዳ ጀምሮ ገመዱን እየጎተቱ ወፍ ያባርራሉ፤ እኔ ከታች ሆኜ ምነው ዝም ባሉልኝ እላለሁ። አንዴ ማማው ላይ ልውጣ ብዬ ብለምናቸው ሳቁብኝ።

አንድ ቅዳሜ ግን ራሳቸው ጠሩኝ። ጎረቤት ሞቶባቸው ነበር።

"ኡስታዝ፣ እኔ ለቅሶ እሄዳለሁ። አንተ ውጣ። ወፍ መጣ፣ ገመድ ጎትት፣ ጩህ። ዓምና ግሪሳ ሁሉን በላ። ዘንድሮ ያለው ይሄ ብቻ ነው።"

"እሺ እማማ" አልኩ፤ ልቤ ግን ካሜራዬ ላይ ነበር።

ፀሐይ ሳትበረታ ማማው ላይ ሆኜ ከማሽላው ማዶ፣ ሣሩ በተቃጠለበት ሜዳ ላይ አንዲት ወፍ ቆማ አየሁ። ግራጫ፣ እግረ ረጅም፣ አንገቷ ጥቁር፣ ከዓይኗ ኋላ ነጭ ላባ የተንዘረፈፈ። በመጽሐፍ ካልሆነ አይቻት አላውቅም። ወገኖቿ ብርዱን የሚያሳልፉት ሱዳን ሜዳ ላይ በመንጋ ነው፤ ይቺ ብቻዋን አቅጣጫ ስታ በድንበሩ፣ በኩርሙክ በኩል ሳትመጣ አልቀረችም። የማሽላው ራስ ግማሽ አካሏን ስለከለለብኝ ካሜራዬን ደግኜ ትንሽ ፈቀቅ እስክትል እጠብቅ ጀመር።

ግሪሳው የመጣው ያኔ ነው። መጀመሪያ ጭስ መሰለኝ፤ ከዚያ ጭሱ ታጠፈና ወደ እኛ ዞረ። ገመዱን ከጎተትኩ እንግዳዬ ትሄዳለች፤ ካልጎተትኩ የእማማ የዓመት ቀለብ ይሄዳል። የሚያማርጥ ነገር አልነበረም፤ ግን አልዋሽም፣ "ትንሽ ቆዩ" ብዬ ግሪሳውን በሆዴ ለምኛለሁ። ከዚያ ካሜራውን ለቅቄ ገመዱን ጎተትኩ። በልጅነቴ መንዝ ውስጥ ጭላዳ ዝንጀሮ ያባረርኩበት ጩኸት ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ እሱንም ለቀቅኩት።

እንግዳዬ ክንፏን ዘርግታ ተነሣች። የት እንደሄደች እንኳ አላየሁም፤ ምክንያቱም ግሪሳው የማሳው ጥግ ላይ ሰፍሯል። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኜ ልቀር ነው ብዬ ከማማው ወርጄ በማሽላው መሃል እየጮኽኩ ሮጥኩ። ተነሣ፣ ዞረ፣ ተመልሶ ዝቅ አለ፣ አሁንም ጮኽኩ። በመጨረሻ ወደ ወንዙ ሄደልኝ። መሬት ላይ ዘርፈጥ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

እማማ ከሰዓት ተመልሰው ማሽላውን እየዳበሱ ዳር ዳሩን ዞሩ። ጥጉ ጋ ሲደርሱ ትንሽ እንደተለቀመ አዩ።

"ዓምና እኔ ራሴ ማማ ላይ ተቀምጬ ግሪሳ በላ" አሉ። "ዛሬ ደህና ነው። ለቅሶ ገና አላለቀም። ነገም ና።"

ራሴን በእሺታ ነቀነቅኩ። በማግስቱ ከእሳቸው ቀድሜ ማማው ላይ ነበርኩ።