የግመል ደላላው ካሳ ጣቶች

በቆቦ ግመል ተራ ትልቅ ዋጋ የሚነገረው በእጅ ነው። ገዢና ደላላ በአፋቸው ስለ ዝናቡና ስለ ማሽላው ያወራሉ፤ እጆቻቸው ግን በደላላው ጋቢ ስር ተያይዘው ይከራከራሉ። ሁለት ጣት መጨበጥ አንድ ነገር ነው፣ አንጓ መጫን ሌላ። ዙሪያውን የቆመው ሰው አፍንጫው ስር የሚካሄደውን አያውቅም። ካሳ ከጉርምስናው እስከ ሽበቱ እንጀራውን የበላው በዚህ ጋቢ ስር ነው።

አሁን ጣቶቹ ደነዘዙ። መጀመሪያ ጉንዳን የሚሄድባቸው መሰለው። ቆይቶ የገዢውን ጣት ሁለት ይሁን ሦስት መለየት አቃተው፤ በግምትና የሰውየውን ዓይን በማየት ሲያጭበረብር ከረመ። ተራው ይህን ከሰማ አንድም ሰው እጁን እንደማይሰጠው ያውቃል።

መንገድ ዳር ወዳለው ጤና ጣቢያ የሄደው ተደብቆ ነበር። ጤና መኮንኗ ፍሬሰላም ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች ለስላሳ ልጅ ናት። ጥያቄውን እሱን ትጠይቃለች፣ መልሱን ግን ለኮምፒውተሩ ትነግራለች።

«ስኳር ነው አባቴ። ነርቭዎን ነክቶታል። መድኃኒቱን ካላቋረጡ እንዳይብስ ማድረግ ይቻላል። ስልክ ቁጥርዎ ስንት ነው?»

«ስልኬን ደግሞ ምን አመመው?»

ሳቀች። «ቀጠሮ ሲደርስ እንዲያስታውስዎት ነው።»

«ይህን የምትጽፊውን ማን ያየዋል?»

«የተፈቀደለት ሰው ብቻ።»

«ፈቃጁስ ማነው?»

«ሲስተሙ ነው አባቴ።»

ሲስተሙ የማን ልጅ እንደሆነ ግን አልነገረችውም። ድሮ እዚያው ክፍል የነበረውን ድሬሰር ጋሹን ካሳ ከነዘመዱ ያውቀው ነበር፤ ጋሹ ምስጢር ቢያወጣ ማን ደጅ ሄዶ እንደሚጣላ ያውቃል። ሰው ምስጢሩን ለሰው ሲሰጥ የሚጠረጥረው አንድ አፍ፣ የሚቆጣው አንድ ፊት ይኖረዋል። ይህ ነገር ፊት የለውም። ካሳ ይህን ሁሉ እያሰበ፣ መድኃኒቱ እንዳይቀርበት ቁጥሩን ሰጠ።

ካሳ ማንበብ አይችልም። መልእክት ሲመጣለት የምታነብለት ከግመል ተራው ጥግ በርበሬ የምትሸጠው ሸዋዬ ናት። በአንድ የገበያ ቀን ከዋጃው ነጋዴ ከበድረዲን ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ሳለ የደረት ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። በግራ እጁ አውጥቶ ለሸዋዬ አቀበላት።

«እስቲ እይው፣ ከሮቢት ግመል እየነዳሁ ነው ያለኝ ሰውዬ ይሆናል።»

ሸዋዬ እንደ ልማዷ ገበያውን በሚያስንቅ ድምፅ አነበበች። «የተከበሩ አቶ ካሳ፣ የስኳር መድኃኒትዎን ለመውሰድና የጣቶችዎን መደንዘዝ ለመታየት ነገ ጠዋት...» ድምፅዋ ወረደ። «ውይ፣ ምላሴን በቆረጠው!»

በድረዲን ካሳን ትክ ብሎ አየው።

«ካሳ፣ አሁን ስንት ጣትህን ነው የያዝኩት?»

ካሳ ዓይኑን ፈለገ፤ የበድረዲን ዓይን ምንም አይልም። «ሦስት» አለ።

«ወላሂ፣ እጄን ካወጣሁ ቆየሁ።»

አንዱ ሊስቅ ብሎ ተወው። በድረዲን የካሳን ትከሻ ቸብ አደረገ። «አብሽር ወንድሜ፣ ሰው ሆኖ የማይታመም የለም። የዛሬውን ግን በአፍ እንጨርስ።» ዋጋውንም ሁሉ እየሰማ ለባለ ግመሉ በቀጥታ ነገረው። ደላላው መሀላቸው እንደ ግንድ ቆሞ ቀረ።

በማግስቱ ካሳ ፍሬሰላም ፊት ተቀመጠ።

«ልጄ፣ ድኗል ብለሽ ጻፊልኝ።»

«አልዳኑማ!»

«እሱን እኔና አንቺ እንወቀው። ሳጥኑ ግን ድኗል ይበል።»

«እንደዚያ ከጻፍኩ መድኃኒት አይወጣልዎትም። ይልቅ ስልክ ቁጥርዎን ከዚህ ላጥፋው።»

«ስልኬን ብታጠፊው የጻፍሽው ይጠፋል?»

«እሱስ አይጠፋም።»

«እንግዲያስ ጻፊ።»

ለመነችው፤ እግርዎን ያሳጣዎታል፣ ዓይንዎን ይይዘዋል አለችው። ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ተነፈሰችና ቁልፎቹን መታ መታ አደረገች።

ሰው ሲዋሽ ከዓይኑ ጥግ የሚለየው ደላላ ፊቷን ሊያጠና ሞከረ፤ ፊቷ ግን ወደ ስክሪኑ ዞሯል። ድኗል ብላ ጻፈች ወይስ እምቢ አለ ብላ? ፊደሎቹ እዚያው ፊት ለፊቱ ተደርድረዋል። የሚያነብለት ሰው ፍለጋ ወደ በሩ ዞር አለ። አግዳሚው ላይ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ የሚያውቁት የገበያ ሰዎች ናቸው፤ አንገታቸውን አስግገው ያዩታል።

ጋቢውን አጣፋና ወደ መድኃኒት መስጫው መስኮት ሳይዞር ወጣ።