ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ

አባቴ ውሳኔውን የነገረን ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነው፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ መድገም ነበረበት። እኔ ከዩኒቨርሲቲ በሶሲዮሎጂ ተመርቄ ቦንጋ እቤት ከተቀመጥኩ ዓመት ሞልቶኛል። ታናሽ እህቴ ደግሞ የአሥረኛ ክፍልን ፈተና አልፋ ለመሰናዶ የሚያበቃ ውጤት ይዛ መጥታለች።

«የአንቺ ዲግሪ እስከ መስከረም ደሞዝ የሚያመጣ ከሆነ እሷም መሰናዶ ትግባ» አለኝ። «ካላመጣ ግን ቴክኒክና ሙያ ገብታ በሁለት ዓመት እጇ ላይ ሙያ ይዛ ትውጣ። ሁለት ባለ ወረቀት እቤት አስቀምጬ መቀለብ አልችልም።»

እስከዚያ ቀን ድረስ የምፈራው ለራሴ ብቻ ነበር።

አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። መዝገብ ቤት ነው የሚሠራው። የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ ፋይል በእጁ ስለሚያልፍ የማን ደረጃ ስንት እንደሆነ፣ ለማን መቼ እርከን እንደተጨመረለት በቃሉ ያውቃል። አብረን ስንሄድ ያገኘውን ሰው ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ይለዋል፤ ዞር ሲል ደሞዙን ይነግረናል። ነርሷ ይህን ያህል፣ የእንስሳት ሐኪሙ ያን ያህል። የእኔን ትምህርት ግን የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚያስቀምጠው ግራ ገባው። እኔንም ግራ ገብቶኝ ነበር። ሶሲዮሎጂን ፎርሙ ላይ የሞላሁት አራተኛ ምርጫ አድርጌ ነው። ከገባሁበት በኋላ ወደድኩት፤ ይህንን ለአባቴ ነግሬው አላውቅም።

አራቱን ዓመት የሳሙናዬን፣ የፎቶ ኮፒዬንና የአውቶቡሴን የቻለችው እናቴ ናት። በየገበያው ቀን ሺሺንዳ እየሄደች ኮረሪማና ጥምዝ ትሰበስብና ቦንጋ አምጥታ ትሸጣለች። የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በእድር ላይ ነበር፣ አርባ ገጽ። እናቴ የእድር አባል ከሆነች ሃያ ዓመቷ ነው። የጻፍኩትን እያነበብኩ ስተረጉምላት እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝና በቋንቋዋ በካፊኖኖ፣ ይህንንማ እኔን ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር አለችኝ።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። አንድ ቀን ደጃቸው ላይ አስቆሙኝ።

«ምን ነበር ያጠናሽው ልጄ?»

«ስለ ኅብረተሰብ ነው፣ ጋሼ።»

«ስለ እኛ ማለት ነው?»

«አዎ።»

«እኛን ለማወቅ አራት ዓመት ፈጀብሽ?»

ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ግን እሳቸው ደጅ ላይ ካሉ በጓሮ በኩል መውጣት ጀመርኩ።

ሥራዬ ማስታወቂያ ሰሌዳ ማንበብ ሆነ። «ሶሲዮሎጂ ወይም ተዛማጅ» የሚል ሳይ ልቤ ይዘላል፤ ዓይኔ ዝቅ ብሎ «ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ልምድ» የሚለው ላይ ሲደርስ እዚያው ይሟሽሻል። ልምድ የማገኝበት ሥራ ልምድ አምጪ ይለኛል። አብረውኝ ከተመረቁት አንዳንዶቹ ኮብልስቶን ማኅበር ገብተው ድንጋይ መጥረብ ይዘዋል። እኔም እጆቼን እያየሁ መዶሻውን መቻል አለመቻላቸውን አስብ ነበር። ከነሐሴ በኋላ ግን ሰሌዳው ፊት ስቆም ከትከሻዬ ጀርባ እህቴ የቆመች ይመስለኛል። እሷ ሒሳብ የምትወድ፣ ከክፍሏ ሁለተኛ የወጣች ልጅ ናት። እኔ ሥራ ስላጣሁ እሷ ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ ልትቀር ነው።

ጳጉሜን ላይ አባቴ በእጁ የገለበጠውን ማስታወቂያ ይዞልኝ መጣ። ደካ ከተማ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ፣ ሁለት ሰው፣ ልምድ ዜሮ ዓመት። «ዜሮ» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል። ፈተናው መስከረም ውስጥ አርብ ቀን ነው። የመሰናዶ ምዝገባም የሚያበቃው በዚያው አርብ ነው። አባቴ ይህንንም አውቆታል። «አርብ ከደወልሽ እኔው ይዣት ሄጄ አስመዘግባታለሁ» አለኝ።

ሐሙስ በጠዋት እህቴ ቦርሳዬን ይዛ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። አይዞሽም አላለችኝ። ፊቴን ብቻ ስታይ ቆየች። አውቶቡሱ ጭቃው ውስጥ እየተንገዳገደ ሲሄድ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ የአራት ዓመቱን ትምህርት ልከልስ ሞከርኩ። አንድም መስመር አልገባኝም።

በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ ያህል ተመራቂዎች ተሰበሰብን። የቅጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ራሳቸውም የደከማቸው ይመስላሉ።

«እንደምታዩት ሁላችሁም ዲግሪ አላችሁ፣ ሁላችሁም ዜሮ ዓመት ናችሁ» አሉ። «በፈተና ስናደርገው የወደቀው ሁሉ ቅሬታ ያስገባል፣ ፕሮሰሱ ይጓተታል። ስለዚህ ኮሚቴው በዕጣ ይሁን ብሏል። የሚቃወም አለ?»

ማንም እጁን አላወጣም። አንዲት የቢሮ ሠራተኛ የጠመኔ ካርቶን ይዛ ገባች፤ ውስጡ ሠላሳ ያህል የተጣጠፉ ብጣሽ ወረቀቶች አሉ። መናደድ ነበረብኝ። አራት ዓመት እንቅልፍ ያጣሁበት ውጤትም፣ አርባ ገጹም፣ የእናቴ ኮረሪማም አንድ ካርቶን ውስጥ ተደባለቁ። ለንዴት ግን ቦታ አልነበረኝም፤ ፍርሃቱ ሞልቶኛል።

ከእኔ በፊት ያወጣችው ከቢታ ገነት የመጣች ልጅ ናት። ባዶ ወጣባት። ወረቀቱን እንደነበረ መልሳ አጣጠፈችና በጥንቃቄ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ተራዬ ደረሰ። እጄን ካርቶኑ ውስጥ ከትቼ አንዱን ያዝኩ፤ ለቀቅኩት፤ ሌላ ያዝኩ። ሰብሳቢው «በይ እንጂ ልጄ» አሉኝ። ስከፍተው በሰማያዊ እስክሪብቶ «ተመድቧል» ይላል።

አለቀስኩ። ደስ ብሏት ነው ብለው አጨበጨቡልኝ። እኔ ግን የመጀመሪያውን ባልለቅ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ነው የማለቅሰው። ወጥቼ ለአባቴ ልደውል ብል ኔትወርክ የለም። የምዝገባው ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ ስልኬን ወደ ሰማይ ይዤ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ስመላለስ ዋልኩ። አንድ ቀን ቢያልፋትም መቼም አይከለክሏትም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቦንጋ ገባሁ። መመደቤን ስነግራቸው አባቴ ሁለቱንም ጉንጬን ሳመኝና ደሞዜን እኔ ሳልነግረው እሱ ነገረኝ፤ ግብሩና ጡረታው ተቆርጦ የሚቀረውን ሳይቀር። እናቴ እልል አለች። እህቴ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። በአረፋ እጇ አቀፈችኝ።

«በቃ መሰናዶ ገባሽ ማለት ነው» አልኳት። «ሰኞ አብረን ሄደን እናናግራቸዋለን።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ያኔ ነው የነገሩኝ። ሐሙስ እኔን አሳፍራ ከመናኸሪያ ስትመለስ በቀጥታ ቴክኒክና ሙያ ሄዳ የመሬት ቅየሳ ልትማር ተመዝግባለች። ኦሪጅናል ሰርተፊኬቷን ራሷ አስረክባለች። አባቴ ሰርተፊኬቱን ላስመልስና እህትሽ እስክትመለስ ጠብቂ ቢላት እምቢ ብላዋለች።

«ሰርተፊኬቱን እኔ ለምኜ አስመልስልሻለሁ» አልኳት። «ለእኔ ብለሽ ከሆነ እኮ ሥራውን አግኝቻለሁ።»

«ለአንቺ ብዬ አይደለም» አለችኝና እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «ዓመቱን ሙሉ አንድ አልጋ ላይ ነው የተኛነው። ተኝተሽ ጥርስሽን ታፋጫለሽ፤ አንቺ አታውቂውም። አንዳንዴ እንዳይሰበር ብዬ አገጭሽን እይዝልሻለሁ። እኔ እንደ አንቺ መፍራት አልፈልግም።»

አሁን እኮ አለፈ ልላት ነበር። ደካ ብቻዬን የምከራየውን ቤት፣ የሙከራ ጊዜዬን፣ በዕጣ የገባ ሰው በምን ሊወጣ እንደሚችል ሳስብ ነበር የመጣሁት፣ መንገዱን በሙሉ። ልብሱን አብሬያት መጭመቅ ጀመርኩ።