ለፍየሏ የሰጠኋት ሁለት እፍኝ ብቅል

እኔ እጄም ምላሴም አያርፉም። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ያልጠየቅሽው ነገር ቢኖር ሞትን ብቻ ነው» ትለኝ ነበር። ካርቱም ገብቼም አልተሻለኝም። ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ሪያድ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ስቀጠር፣ ከመኪናውም ከእብነ በረዱም ይልቅ የገረመችኝ ጓሮ የታሰረችው ፍየል ነበረች። እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ፍየል ምን ትሠራለች? ብጠይቅ፣ የእመቤቴ እናት ከእሷ ወተት በቀር ሻያቸው ውስጥ ምንም አያስገቡም አሉኝ። አሮጊቷን የቤቱ ሰው ሁሉ ሐቦባ ይላቸዋል፤ በእነሱ አገር አያት ማለት ነው። እኔም ሐቦባ አልኳቸው።

ረመዳን ሊገባ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ሐቦባ ለሒሉ ሙር ተነሡ። ሱዳኖች ለኢፍጣር የሚጠጡት፣ ጣፋጭም መራራም የሆነ መጠጥ ነው። ማሽላ አስነከሩኝና ከደረጃው ሥር ባለችው ጨለማ ክፍል እርጥብ ጆንያ ላይ አሰጣነው፤ ሌላ እርጥብ ጆንያ ደረብንበት። እኔማ መች ይቻለኛል፣ በየሰዓቱ እየገባሁ ገለጥ አድርጌ አያለሁ። በሦስተኛው ቀን ነጭ ሥሩ እርስ በርሱ ተያያዘ፤ ከዚያ አረንጓዴ ጫፍ አወጣ። እነሱ ዙሬዓ ይሉታል።

«ኧረ ይሄማ ብቅል ነው!» አልኩ።

እኛ ወሎ ደጋው ላይ ብቅል የምናውቀው ከገብስ ነው። ክርስቲያን ጎረቤታችን ለጠላ ስታበቅል ከላዩ ለእናቴ ትልክላት ነበር፤ እናቴም ለወለደች ላም ትሰጣታለች። ወተት ያወርዳል ትላለች።

ሐቦባ ግን «ፍየሏ እዚህ ድርሽ እንዳትል» ብለው ሁለት ጊዜ አስጠንቅቀውኛል። እኔ የመሰለኝ ስስት ነው። ወላሂ፣ ለፍየል እንኳ ይሰስታሉ ብዬ በሆዴ ታዘብኳቸው። ፍየሏ ሁለት ግልገል ከወለደች ገና ሳምንቷ ነው፤ ጎኗ ተጣብቆ አንጀቴን በላችው። ዙህር ሊሰግዱ ሲገቡ ጠብቄ ከጆንያው ጠርዝ ሁለት እፍኝ ነቀልኩና ሰጠኋት። እየተስገበገበች በላችው። ጆሮዋን አከክ አከክ እያደረግሁ «ብይ የኔ እናት» አልኳት።

ልብስ አስጥቼ ሳልጨርስ ትንፋሿ ፈጠነ። ለሀጯ ተዝረበረበ፣ ተንገዳገደችና በጎኗ ወደቀች። ግልገሎቹ ምንም ሳይገባቸው ጡቷን ፍለጋ ሆዷ ላይ ይወጣሉ። ጮኽኩ። ሐቦባ መስገጃቸውን ሳያጥፉ መጡ፤ ዘበኛውም ከበሩ ሮጦ መጣ። ሐቦባ ዘበኛውን «ሂድ፣ ሐኪሙን አስፋልቱ ላይ ጠብቀው» ብለው ላኩትና አርካዊት ሰፈር ለሚኖር የከብት ሐኪም ደወሉ።

የሐኪሙ ድምፅ እስከ እኔ ይሰማል። «ምን በላች? የምይዘው መድኃኒት እንደ በላችው ነው። ካላወቅሁ አላድናትም!»

ሐቦባ ዞረው አዩኝ። ከተናገርኩ ዛሬውኑ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ።

«ዘበኛው ጠዋት አበባውን የተባይ መድኃኒት ሲረጭ ነበር፤ ቅጠሉን ጥሎላት ይሆናል» አልኩ። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ራሴን ጠላሁት።

ሐቦባ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀሚሴ ላይ የተጣበቀች አንዲት የብቅል ቡቃያ አንሥተው አሳዩኝ።

«እኔም ሙሽራ ሳለሁ የአማቴን ላም ይህንኑ አብልቼ በሰው አሳበብኩ። ላሟም ሞተች። ያላ፣ ተናገሪ!»

«ዙሬዓ ነው! እኔ ነኝ የሰጠኋት! ሁለት እፍኝ!» ብዬ ሐኪሙ እንዲሰማ ጮኽኩ።

ሐኪሙን የጫነው ራክሻ፣ የእኛው ባጃጅ ማለት ነው፣ ግቢ ድረስ ገባ። ሐኪሙ በአንገቷ ሥር ሁለት መርፌ አከታትሎ ወጋት። እኛ ትንፋሿን እንቆጥራለን፤ ሐቦባ ቁርኣን ይቀራሉ፣ እኔ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እላለሁ። ብዙ ቆይታ ጆሮዋን አንቀሳቀሰች። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ግልገሎቿ አየች። አልሐምዱሊላህ! እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እንባዬ ሳይደርቅ ጥያቄ ጀመርኩ። ሰው እየጠጣው ፍየል ለምን ትሞታለች? ሐኪሙ ሳቀና የድዷን ቅላት አሳየኝ። «አየሩ ደሟ ውስጥ ሞልቷል፤ ሥጋዋ ግን መቀበል አቅቶታል» አለኝ። የማሽላ ቡቃያ ገና እርጥብ ሳለ ሲታኘክ መርዝ ይለቃል፤ የፍየል ሆድ ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል። ሴቶቹ ግን አድርቀው፣ ፈጭተው፣ አቡክተው በእሳት ይጋግሩታል፤ ያኔ መርዙ ተንኖ ይሄዳል። «የገብሱስ?» አልኩት። የገብስ ብቅል እንዲህ እንደማያደርግ ነገረኝ። እናቴ አልተሳሳተችም ማለት ነው። እሱ ሲሄድ አንዷን ቡቃያ አሽትቼ ልቀምሳት ስል ሐቦባ እጄን መቱኝ።

«አንቺ ደግሞ! ለአንቺም መርፌ እንግዛ?»

የዐስርን ሶላት ሰግደን ጥላው ሥር ተቀመጥን። ፍየሏ ግልገሎቿን ትልሳለች። አላስችል አለኝ።

«ሐቦባ፣ ያኔ በማን ነበር ያሳበቡት?»

«ቤታችን የምትሠራ ልጅ ነበረች» አሉ። «ሐበሻ ናት፣ እንዳንቺ። በዚያው ቀን አባረሯት። ጓዟን እንኳ አልሰበሰበችም።»

«ስሟ ማን ነበር?»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ሊያስታውሱ ብዙ ሞከሩ። «ረሳሁት» አሉና በተከናነቡት ቶብ ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ።

ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ዘበኛው ሻይ እየጠጣ «ዳነች አይደል?» አለኝ።

«ዳነች። እኔ ነኝ ያበላኋት። በአንተ ነበር ያሳበብኩት።»

ብርጭቆውን መሬት አስቀምጦ አየኝ። ያን ሁሉ ጊዜ «ያ አኹይ» እያልኩ፣ ወንድሜ እያልኩ፣ ምሳውን ሳቀብለው ሁሉን የምጠይቀው እኔ ስሙን ጠይቄው አላውቅም ነበር። ያን ቀን ጠየቅሁት።