ጠላ እህል ነው ያልኩት እኔ ነኝ

ከመጠጥ የወጡ ልጆችንና ቤተሰባቸውን እንደግፋለን የምትሉ የቆቦ ወጣቶች፣ «አባታችን፣ መጥተው ይምከሩን» ብላችሁኛል። ምክር የለኝም። ያለኝ ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልነገርኩት ነው። ስለምወዳችሁ አይደለም የምነግራችሁ። ስለማታዝኑልኝ ነው።

የታናሽ እህቴን የብርቄን ባል፣ አበራን፣ ወደ መጠጥ የመለስኩት እኔ ነኝ።

አበራ አረቄ ሲጠጣ አውሬ ነበር። እህቴ ተደብድባ፣ ልጇን ደሳለኝን አዝላ ቤቴ ገባች። ሽማግሌ ሆኜ ሚካኤል ደጅ ያስማልኩት እኔ ነኝ። «አረቄ ብቀምስ ሚካኤል ይፍረድብኝ» አለ። ጸናም። ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ገበያ ይወርድ ጀመር። እህቴ ስትስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የማሽላዬ ቆረጣ ደረሰ። የግሪሳ ወፍ ተነሳ ሲባል ደቦ ጠራሁ። አበራ ዘፈን አውጪ ነው፤ እሱ ሲያወጣ ማጭድ ሁሉ ይፈጥናል። ያን ቀን ግን ጉሮሮውን በውሃ እያረጠበ ድምፁ ሞተ፤ ደቦውም አብሮት ሞተ። ወፉ ሊመጣብኝ ነው፣ ሰዎቹ ወሬ ይዘዋል። ነደደኝ። ዋርካው ጀርባ ጠርቼው ጠላ ቀዳሁለት።

«አያ፣ ምያለሁ እኮ!»

«የማልከው ለአረቄ ነው። ጠላ እህል ነው። ያስማልኩህ እኔ፣ የምፈታህም እኔ። ወይስ ብርቄ ቀሚሷን አልብሳሃለች?»

ሳቀ። እጁን ግን ወደ ጣሳው አልዘረጋም። አየሁት። እያየሁ ጣሳውን ወደ አፉ ገፋሁለት።

ማሽላዬ በደህና ገባ። አበራ ከጠላ አረቄ ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። የእህቴን ጥርስ አወለቀ። ቆይቶም ሆዱ አብጦ ሞተ። «መሐላውን የበላ ውሻ!» እያለች ቀበረችው። እኔ አጠገቧ ቆሜ «እውነትሽን ነው» አልኩ። ሰውየው እስኪሞት ስሜን አላነሳም። ሽማግሌ አይዋረድም ብሎ ይሆን? ወይስ እኔ ራሴ እስክናገር ጠብቆኝ? ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?

ደሳለኝ አድጎ አስፋልት ዳር ባሉት አረቄ ቤቶች ሲወድቅ ሲነሳ ከረመ። እናንተ አነሳችሁት፤ ይህን አልክድም። ትናንት ብርቄ ይዛው መጣች። «አያ፣ ይህንንም አንተው አስምልልኝ» አለችኝ። ልጁ መሬት መሬት እያየ፣ «አባቴ በሚካኤል ምሎ ያልጸናውን እኔ በማን ምዬ ልጸና ነው?» አለ። እናቱም «የአባትህ ልጅ!» አለችው።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «ሥራ አለብኝ» ብዬ አባረርኳቸው። ፈሪ!

ፊደል የቆጠርኩት ሸምግዬ ነው፤ እጄ እየተሳሳተ ይህን ጽፌአለሁ። ብርቄ ማንበብ አትችልም። ስብሰባችሁ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ደሳለኝ ያንብብላት።

ደሳለኝ፣ ጮክ በል። አባትህ ጸንቶ ነበር። መሐላውን ያስበላሁት እኔ ነኝ። ዘራችሁ አይጸናም ያለህ ሁሉ ዋሽቶሃል፤ አንደኛው ውሸታም እኔ ነኝ።

ይቅር በሉኝ አልልም። የሚያስምልህ ሌላ ሽማግሌ ፈልግ። ጠላንም ጨምረህ ማል።